አሉሚኒየም አይቀላም

ባለፈው ቅዳሜ ቡራዩ፣ ከአምቦ መንገድ ዳር አዲስ የተከፈተ የብስክሌት መሸጫ ገብቼ ከተደረደሩት አንዱን በጥፍሬ መታ መታ አደረግኩት። ልገዛ አይደለም። ጉልበቶቼ ብስክሌትን ከተሰናበቱ ቆይተዋል፤ ዋጋውንም ሻጯ ስትነግረኝ ሳል የያዘኝ መስዬ ነው ያለፍኩት። ብረት ቢሆን ኖሮ ጥርት ብሎ ይጮህ ነበር። ይሄ ግን ድፍን ያለ አጭር ድምፅ ሰጥቶ ዝም አለ። “ፋዘር፣ ቀስ ይበሉ፣ ይቧጨራል እኮ” አለችኝ ሻጯ፣ ፈገግታዋን ሳታነሳ። ወደ ፔዳሉ በሚወርደው ወፍራም ቱቦ ላይ 6061 የሚል ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል። ዓይኔ እዚያ ላይ ቀረ። ብስክሌቷን በሁለት ጣቴ ከመሬት ብድግ አደረግኳት፣ መልሼ አስቀመጥኳት፣ አመስግኜ ወጣሁ። ቤቴ እስክደርስ አንድ የማውቀው ነገር አብሮኝ መጣ።

ያ የማውቀው ነገር ቅናት ነው። ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ አልሆነም። በእኔ ዕድሜ ሰው ስለ ስኳሩና ስለ ደም ግፊቱ ነው የሚያወራው፤ እኔ ግን ዛሬም እቀናለሁ። በእነዚህ ቀላል ብስክሌቶች ሽው እያሉ የሚያልፉትን ወጣቶች ሳይ እቀናለሁ። ጎረቤቴ አዲስ የግቢ በር አስገጥሞ ብየዳው ከእኔ ብየዳ ካማረ ሁለት ቀን ሰላም አልለውም። ሚስቴ ስንዱ “አንተ ሰውዬ የሬሳ ሳጥን ሲያልፍ እንኳን በእንጨቱ ትቀናለህ” ትለኛለች። ውሸት የለበትም። በሕይወቴ ግን አንጀቴ እስኪያር የቀናሁት በአንድ ሰውና በአንድ ብስክሌት ነው። ሰውየው ጉተማ ይባላል፤ የሱሉልታ ሰው ነው፤ ብስክሌቱም አሉሚኒየም ነበር።

ያኔ ቡራዩ ዛሬ እንደምናያት ቤት በቤት ላይ የተደረበባት ከተማ አልነበረችም። አስኮን አልፈው ሲመጡ ባሕር ዛፍ፣ የገብስ ማሳ፣ አልፎ አልፎ የቆርቆሮ ጣራ ነበር የሚታየው። ከአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ሸሽተን የወጣን ጥቂት ሰዎች እርስ በርሳችን በስም እንተዋወቅ ነበር። ከኬላው ዝቅ ብሎ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቼ ብስክሌት እበይዳለሁ፤ በጋዝ ነው የምሠራው። ጋዙን የሚሰጠኝ ካርባይድ የሚባለው ድንጋይ ውሃ ሲነካው የሚያወጣው፣ የተበላሸ ነጭ ሽንኩርት የመሰለው ሽታ ልብሴን አይለቅም፤ ታክሲ ውስጥ ስገባ ሰው መስኮት ይከፍት ነበር። ብስክሌት በሰዓት ሃምሳ ሳንቲም ይከራያል፣ ሻይ ሃያ አምስት ሳንቲም ነው፣ የተሰበረ ፍሬም ለመበየድ አራት ብር፣ ቀለም ከተቀባ ስድስት ብር እጠይቃለሁ። ሰው ጀርባና ጀርባውን ሳይሆን ጉልበትና ጉልበቱን አጋጥሞ በሚቀመጥባት በሰማያዊዋ ውይይት ታክሲ ይሄዳል፤ አንዱ የጀመረውን ወሬ ሌላው ሳይጨርስ አይወርድም። ለበያጅ ጥሩ ጊዜ ነበር። ብስክሌቱ ሁሉ ብረት ነበር፤ ብረት ደግሞ ከእኔ ጋር ይነጋገር ነበር።

ይነጋገር ነበር ስል አላጋነንኩም። ብረት ሲሞቅ የደረሰበትን ይነግርሃል። መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ እንደ በርበሬ ደብዘዝ ያለ ቀይ ይሆናል፣ ከዚያ ፍም ይመስላል፣ ከዚያ ወደ ብርቱካን ይሄዳል። የት ላይ መጋጠሚያውን የሚያያይዘውን ናስ ማቅለጥ፣ የት ላይ እሳቱን ማራቅ እንዳለብህ ቀለሙ ይነግርሃል። በያጅ ሁሉ ያደገው “እስኪቀላ ጠብቅ” እየተባለ ነው። የራሴን ብስክሌት እንዲህ ቀለሟን እያየሁ ከባዶ ቱቦ ሠርቻታለሁ። አረንጓዴ ቀብቻት፣ መሪዋን በቀይ ፕላስቲክ ጠቅልዬ፣ በእሷ እሁድ እሁድ ሱሉልታ ድረስ እወጣ ነበር። ከባድ ነበረች፤ እኔ ግን ክብደቷን እንደ ክብር ነበር የማየው።

ከቆርቆሮ ግድግዳዬ ማዶ የስንዱ ስፌት ቤት ነበር። የሴቶች ኮት ትከሻው ላይ ስፖንጅ ካልገባበት፣ የወንዶች ሱሪ ወገቡ ላይ እጥፋት ካልበዛበት የማይለበስበት ዘመን ነው። የስፌት መኪናዋ ድምፅ በቆርቆሮው ያልፍና እኔ ጋ ይደርሳል። ፊት ለፊታችን ያለው ካሴት ቤት ዘፈን ሲለቅ እሷ ከሥር ታንጎራጉራለች፤ እኔ ደግሞ ጋዙን ቀነስ አድርጌ እሰማለሁ። ጨርቅ የምታሰምረው በሳሙና ነበር። የልብስ ሳሙና አልቆ አልቆ ስስ ሲሆን ጠርዙን በምላጭ ትስለውና በእሱ ነጭ መስመር ታወጣለች። ከጆሮዋ በላይ፣ ጸጉሯ ውስጥ፣ ሁልጊዜ አንድ የሳሙና ቁራጭ ትሰካ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ “ዛሬ እነግራታለሁ” እያልኩ ሱሪዬን ማሳጠርና ማስረዘም ብቻ ሆነ ሥራዬ። አንዱን ሱሪ አራት ጊዜ አሳጥሬዋለሁ።

ጉተማ መጀመሪያ ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ ድረስ ወተት በብስክሌት ያወርድ ነበር። ያንን ዳገት በየቀኑ ባዶ ጣሳ ጭኖ ሲወጣ ባቶቹ እንደ ግንድ ሆኑ። በኋላ ሰበታ ያለ አንድ ፋብሪካ ለብስክሌት ቡድኑ ቀጠረው፤ ግማሽ ቀን መጋዘን ይሠራል፣ ግማሽ ቀን ይለማመዳል። ቅዳሜ ከሰበታ ወደ ቤቱ ሲመለስ በእኛ በኩል ያቆራርጣል፤ ብስክሌቱን የምጠግንለት እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ነበር፤ ይሄንን ሳልል ብቀር ሌላው ሁሉ ውሸት ይሆናል። ሳቂታ ነው፣ ያለውን አካፍሎ የሚበላ ነው። ያስቸገረኝ አንድ ነገር ነው፤ እሱና ስንዱ በኦሮምኛ ያወሩ ነበር። እሷ ሆለታ ነው ያደገችው። የእኔ ኦሮምኛ ያኔ ከ“አካም” እና ከ“ነጋ” ሰላምታ አያልፍም። እነሱ ሲጫወቱ እኔ መሃል ቆሜ አንዱን አንዱን እያየሁ፣ ሲስቁ አብሬ እስቅ ነበር። ያ ሳቄ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል።

አንድ ቅዳሜ ጉተማ ያንን ነገር ይዞ መጣ። ፋብሪካው ውስጥ ይሠራ የነበረ የውጭ አገር መካኒክ ወደ አገሩ ሲመለስ የራሱን ብስክሌት ትቶለት ሄዷል። ቀለም የለውም፤ ደብዘዝ ያለ ብርማ ነው። ቱቦዎቹ ከእኔዋ ብስክሌት ቱቦዎች እጥፍ ይወፍራሉ፤ ስለዚህ ገና ከሩቅ ሳየው “ይሄ የባሰ ከባድ ነው” ብዬ ልቤ ደስ አለው። ጉተማ ከሱቄ ደጃፍ ቆመና በአንድ ጣቱ አነሳው። መንገደኛው ተሰበሰበ። ካሴት ቤቱ ዘፈኑን አቆመ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሳይቀር መጥቶ አነሳው፤ ሁሉም በየተራ አንስቶ “ምንድን ነው ይሄ?” ይላል። እኔ ሥራ እንደበዛበት ሰው የብስክሌት ካቴና ዘይት እቀባለሁ። ከዚያ ጉተማ “ቀቢ፣ ስንዱ” አላት፣ ያዢው ማለቱ ነው። ስንዱ በግራ እጇ መቀሷን እንደያዘች በቀኟ ብድግ አደረገችውና ሳቀች። ከዚያ በፊት እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። የእኔን አረንጓዴ ብስክሌት አንድ ቀን ከደጅ ወደ ውስጥ ላስገባልህ ብላ በሁለት እጇ ታግላ ትታት ነበር። ይሄኛውን ግን ይዛው ቆየች፤ ቶሎ አላስቀመጠችውም። እኔ ያነሳሁት ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ጉተማ ሻይ ሊጠጣ ሲሻገር ነው። ምንም ክብደት የለውም። መልሼ አስቀመጥኩትና ወደ ካቴናዬ ተመለስኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ አሉሚኒየም በሕልሜ ይመጣ ጀመር። ይሄንን ነገር ላውቀው ይገባል አልኩ። ተክለሃይማኖት አካባቢ የድሮ በያጅ የሆኑ ሽማግሌ ጋ ሄጄ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም ሳቁና “ልጄ፣ አሉሚኒየም አይቀላም” አሉኝ። “ብረት ይነግርሃል፤ እሱ አይነግርህም። ዝም ብሎ ይሞቃል፣ ዝም ብሎ ይሞቃል፣ ከዚያ በድንገት እንዳለ ይወርዳል።” ዘዴውንም ነገሩኝ። የሚሞቀውን ቦታ አስቀድመህ በደረቅ ሳሙና ታሸዋለህ፤ ሳሙናው ቡናማ ሲሆን ደርሷል፣ ሲጠቁር እሳትህን አርቅ። ብረቱ የማይነግርህን ሳሙናው ይነግርሃል። ብየዳው እንዲይዝ የሚያደርግ ዱቄትም በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ከመብራት ሽቦ የአሉሚኒየም ዘንግ ቆረጥኩ፤ የተቀደዱ ድስቶች ፈለግኩ። በየቤታችን ሁላችንም ብረት ድስት የምንለው እኮ ብረት አይደለም፣ አሉሚኒየም ነው። ሳሙና ግን አልነበረኝም። በቆርቆሮው በኩል ስንዱን ጠየቅኳት፤ ከጸጉሯ ላይ መዝዛ ሰጠችኝ። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ በኩራት ሁሉንም አስረዳኋት። የመጀመሪያው ድስት ቀለጠ፤ የሁለተኛው ቀዳዳ ባሰበት፤ ሦስተኛው ላይ ሳሙናው ሲጠቁር እሳቱን አራቅኩና ቀዳዳው ተደፈነ። ከስንዱ ጋር ውሃ ሞልተን አየነው፤ አንድ ጠብታ አልወጣም። የቀረችውን የሳሙና ቁራጭ ከመሣሪያዬ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳት።

ጉተማ በአንድ ሐሙስ ፊቱ ጨልሞ መጣ። ወደ ፔዳሉ የሚወርደው ቱቦ ከታች፣ ከመጋጠሚያው አጠገብ፣ ጸጉር የመሰለ ስንጥቅ አውጥቷል። እሁድ ደግሞ ውድድር አለ፤ ከሱሉልታ ተነስቶ ወደ ጫንጮ በኩል ሄዶ የሚመለስ። ከዚያ ውድድር ሦስት ሰው ተመርጦ ለብሔራዊ ቡድን ካምፕ ይገባል። “ሌላ ሰው አላምንም፣ አንተ ነህ የምትሠራልኝ” አለኝ። ስንዱ ሥራዋን ትታ በር ላይ ቆማ ነበር። በኦሮምኛ አንድ ነገር አለችው፤ እሱም ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ። ምን እንዳለችው አልገባኝም። በኋላ፣ ከዓመታት በኋላ ስጠይቃት “አይዞህ፣ እሱ ያውቅበታል ነው ያልኩት” አለችኝ። ያን ሰዓት ግን ያልገባኝ ቃል ሁሉ በእኔ ላይ የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

ከተማ ውስጥ አሉሚኒየምን በአርጎን ጋዝ የሚበይድ አንድ ሰው እንዳለ ሽማግሌው ነግረውኝ ነበር። ወደዚያ ልልከው እችል ነበር፤ አልላክሁትም። እሳቱን ለኮስኩ፤ ዱቄቱን አላነሳሁም፤ ሳሙናዋን አየኋት። መደርደሪያው ላይ፣ ከመዶሻው አጠገብ፣ እጄን ብዘረጋ የምትደረስ። አልዘረጋሁም። ይሄንን ነው ሠላሳ ምናምን ዓመት ይዤው የኖርኩት። ላጠፋው ብዬ ቆርጬ ተነስቼ ነበር ብል አይሆንም፤ ልሠራው ነበር ብልም አይሆንም። እጄ ብቻ ሳሙናዋን አላነሳትም። እሳቱን አስጠጋሁና ቱቦውን እያየሁ ቆምኩ። አልጠቆረም፣ አልቀላም፣ ምንም አላለም። ከዚያ ላዩ ላይ እንደ ወተት ስልባቦት የመሰለ ነገር ተንቀጠቀጠና ቱቦው ወደ ውስጥ ገባ፤ ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ ሆነ። የቀለጠው ከጫማዬ ጫፍ ላይ ወርዶ ሸራውን አቃጠለው። የጉተማን ፊት ለማየት ቀና አልልም ብዬ ብዙ ቆየሁ። “እስኪቀላ ስጠብቅ ነበር” አልኩ።

ሁሉም አመኑኝ። ብረት ለምዶ ያደገ ሰው ነው፣ እስኪቀላ ጠበቀ፣ ምን ያድርግ? በማግስቱ ወሬው አስኮ ደርሶ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ በላቸው መሆኑ ቀርቶ “እስኪቀላ” ሆነ። በውይይት ታክሲ ውስጥ የማላውቀው ሰው “እስኪቀላ ማለት አንተ ነህ?” ብሎኛል። ለእኔ ለበያጅ ይሄ ሞት ነበር። ግን ስሙን ተቀበልኩት፣ አብሬም ሳቅሁ። የማያውቅ ተብሎ መሳቂያ መሆን፣ ምቀኛ ከመባል ይሻለኝ ነበርና። ስንዱ ብቻ አልሳቀችም። ሁለት ቀን የስፌት መኪናዋን ድምፅ አልሰማሁም።

ለጉተማ የራሴን አረንጓዴ ብስክሌት ሰጠሁት። ምን ልስጠው ሌላ? በእሷ ተወዳደረ። ሦስት ሰው ሲፈለግ አራተኛ ወጣ። እንግዲህ ቅናት ምን ዓይነት በሽታ እንደሆነ ከዚህ ተረዱልኝ። አራተኛ መውጣቱን ስሰማ መጀመሪያ የተናደድኩት ለእሱ አዝኜ አልነበረም፤ “ያቺን ከባድ ብስክሌት እኔ እንደዚያ ነድቻት አላውቅም” ብዬ ነው። ረቡዕ ዕለት ብስክሌቴ ከሱቄ በር ላይ ተደግፋ፣ ጭቃዋ ተጠርጎ አገኘኋት። ስንዱ ቀና ሳትል “መልሶልሃል” አለችኝ። ጉተማ ራሱ ግን ሳይመጣ ሦስት ወር ያህል ቆየ። ሲመጣ “እንዴት ነህ እስኪቀላ?” ብሎ ተጠመጠመብኝ። በዓመቱ አፌን ከፍቼ ነገርኳትና ስንዱን አገባሁ። ሚዜዬ ጉተማ ነበር፤ ኮቱን ስንዱ ሰፋችለት፣ ትከሻው ላይ ስፖንጅ ያለው። ከእኔ ኮት የእሱ ያምር ነበር።

ቅዳሜ ከዚያ ሱቅ ስመለስ ልጃችን ማህሌት ቤት ነበረች። ዱከም ያለ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት፤ በሳምንት አንዴ ነው የምትመጣው። 6061 ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳት፤ ነገሩ እንደማይመለከተኝ አድርጌ ነው የጠየቅኳት። የቅይጥ ስም ነው አለችኝ። ንጹሕ አሉሚኒየም እንደ ድስታችን ለስላሳ ነው፤ ትንሽ ማግኒዥየምና ሲሊከን ሲገባበት ነው ብስክሌት የሚሆነው። ያም ቢሆን ጥንካሬውን የሚያገኘው ከምድጃ ነው፤ በጣም አሙቀው ውሃ ውስጥ ይነክሩትና እንደገና ለሰዓታት ያቆዩታል። ሰው ከበየደው ከብየዳው አጠገብ ያለው ቦታ ይለሰልሳል፤ ሁሉንም እንደገና ምድጃ ካላስገባኸው ጥንካሬው አይመለስም። “ሌላም አለ አባዬ፣ 7005 የሚሉት፣ ዚንክ ያለበት” አለችኝ። “እሱ ከተበየደ በኋላ ዝም ብለህ ብታስቀምጠው በሳምንታት ውስጥ ራሱን እየጠገነ ይመጣል።” እኔ የሁለተኛውን ወሬ አልሰማሁም። የያዝኩት የመጀመሪያውን ነው። እንግዲያው በሳሙና ብበይደው ኖሮ፣ ያማረ ብየዳ ብሠራለት ኖሮ፣ ብስክሌቱ እሁድ ዕለት ከብየዳው አጠገብ ይሰበር ነበር ማለት ነው። ቁልቁለት ላይ ቢሰበርስ? እኔ እኮ ጉተማን አትርፌዋለሁ ማለት ነው። እንደዚያ ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

ጠዋት ግን ስነሳ ያቺ ሳሙና በሐሳቤ ያው የድሮው መደርደሪያ ላይ ነበረች። ያደረግኩትን ነገር ሠላሳ ዓመት ዝም ብዬ አስቀምጬው ራሱን አልጠገነም። ለስንዱ ሱሉልታ ልሄድ ነው አልኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም፤ ከቁም ሳጥኑ ንጹሕ ሸሚዝ አውጥታ ሰጠችኝ።

ከአዲሱ ገበያ ሚኒባሱ ዳገቱን ሲወጣ ባሕር ዛፉ ሳስቷል፣ ፎቆቹ ተራራውን ተከትለው ወጥተዋል፤ ላይ ሲደርሱ የሚቀዘቅዘው ነፋስ ግን ያው ነው። የጉተማ ግቢ ከሱሉልታ ከተማ ወዲህ፣ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። አሥራ አንድ የፈረንጅ ላሞች አሉት፤ ቆጠርኳቸው፣ ልማዴ ነው። በዚህ ዕድሜውም ጠዋት ጠዋት ብስክሌት ይነዳል፤ ጉልበቱ ከእኔ ጉልበት ይልቅ ጤነኛ ነው። ባለቤቱ “ይግቡ ኦቦ በላቸው” ብላ እርጎ አቀረበችልኝና ወደ ላሞቹ ሄደች። የላሞቹ በረት ግድግዳ ላይ ያ ፍሬም ተሰቅሏል። ዝገት የለበትም፤ አሉሚኒየም አይዝግም። የላም ገመድ ማንጠልጠያ አድርጎታል። ቀዳዳውም እኔ እንደተውኩት ነው፤ አንዲት ወፍ ሣር ጠቅጥቃበታለች።

“ታኢ፣ ቁጭ በል እንጂ እስኪቀላ” አለኝ ጉተማ። ቁጭ አልኩና የልጄን ወሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ አወራሁለት። ስለ ቅይጡ፣ ስለ ማግኒዥየሙ፣ ስለ ምድጃው ነገርኩት። ብየዳው ቢያምር እንኳን አጠገቡ ይሰበር እንደነበር፣ ቁልቁለት ላይ ሊገድለው ይችል እንደነበር አስረዳሁት። ያን ያህል ቶሎ ቶሎ አውርቼ አላውቅም። እሱ በእርጎው ማንኪያ እየተጫወተ ሰማኝ። ስጨርስ ማንኪያውን አስቀምጦ ቀና ብሎ አየኝ።

“ሳሙናውስ?” አለኝ።

ስለ ሳሙና አንድ ቃል አልተናገርኩም ነበር። ፍሬሙን አየሁ፣ ላሞቹን አየሁ፣ መጨረሻ እሱን አየሁት። “አላነሳሁትም” አልኩ። “መደርደሪያው ላይ ነበር፤ አየሁት፣ አላነሳሁትም። ቀንቼ ነው። በብስክሌቱ ቀናሁ፣ በአንተ ቀናሁ፣ ስንዱ ስታነሳው ስለሳቀች ቀናሁ።” በሕይወቴ አንድን ነገር እንዲያ አሳጥሬ ተናግሬ አላውቅም።

“አውቃለሁ” አለኝ።

ከዚያ ነገረኝ። ከውድድሩ በኋላ ማክሰኞ ዕለት ስንዱ ብቻዋን ሱሉልታ መጥታ ነበር። ሳሙናውን የሰጠችኝ እሷ እንደሆነች፣ ድስቱን በዓይኗ እንዳየች፣ ዘዴውን ማወቄን እንደምታውቅ ሁሉንም ነግራዋለች። መጀመሪያ ተናዶ እንደነበር አልደበቀኝም፤ እንዲያውም በዚያው ቀን ወርዶ ሊያንቀኝ ተነስቶ ነበር። እሷ ናት ያስቀረችው። “ለምን አልነገርከኝም ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት?” አልኩት።

“ራሱ ይነግርሃል፣ ጠብቀው አለችኝ” አለ ጉተማ። “ጠበቅኩህ። ትንሽ ቆየህ እንጂ።” ከዚያ ሳቀ፤ ተነስቶ አቀፈኝ። የወተትና የላም ሽታ ነበረው። አለቀስኩ ብል አላፍርም። እርጎዬን ጨርሼ፣ አንድ ጆግ ወተት ለስንዱ አስይዞኝ፣ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እንዴት ያምር ነበር።

ግን ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ሲጀምር፣ ገና ከግቢው አንድ ኪሎ ሜትር ሳልርቅ፣ ያ የማውቀው ነገር ተነሳ። ሠላሳ ዓመት ምስጢሬን ብቻዬን የተሸከምኩት መስሎኝ ስጎብጥ፣ ለካ ሁለቱ አብረው ይዘውት ነበር። በሠርጌ ቀን እሱ ከጎኔ፣ እሷ ከጎኔ ቆመው ሲስቁ ሁለቱም ያውቁ ነበር። “እስኪቀላ” ብሎ በጠራኝ ቁጥር እያወቀ ነበር የሚጠራኝ፤ እሷም እየሰማች ክር መርፌ ውስጥ ታስገባ ነበር። የገዛ ኃጢአቴ እንኳን የእኔ ብቻ አልነበረም። እንዴት ለመነችው? በየትኛው ቋንቋ? ይቅር ያለኝስ ለእኔ ብሎ ነው ለእሷ ብሎ? ወተቱ ጭኔ ላይ እየተናጠ እስከ አዲሱ ገበያ ድረስ ይሄን ስፈትል ወረድኩ።

ስደርስ ስንዱ መስኮቱ ሥር፣ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። ዛሬም ለጎረቤት ልብስ ታሳጥራለች፤ ዛሬም በሳሙና ነው የምታሰምረው። ወተቱን ተቀበለችኝ። “ነገርከው?” አለችኝ፤ “ነገርኩት” አልኳት። “እንኳን ተገላገልክ” አለችና ወደ ጨርቋ ተመለሰች። ልጠይቃት ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነገር ሆነ።

“ያን ማክሰኞ ከሱሉልታ በምን ተመለስሽ?”

መኪናዋን አቆመች። “ብስክሌትህ እሱ ጋ ነበረች አይደል? እሷን ይዘን ወረድን። እኔ ከብዳኝ አልችላትም፤ እሱ እየገፋት፣ እኔ ከጎን እየሄድኩ፣ እስከ አዲሱ ገበያ በእግራችን መጣን። እዚያ ታክሲ ላይ አስጫንኳት።”

“ያን ሁሉ መንገድ? ምን እያወራችሁ?”

“ስለ አንተ” አለችኝ፤ የሳሙና ቁራጯን ከጸጉሯ መዘዘችና መስመሯን ቀጠለች።

ያንን መንገድ አውቀዋለሁ፤ ብስክሌት እየገፉ ሲወርዱት ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ ያኔ ደግሞ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ ብቻ ነበር። ስለ እኔ ሦስት ሰዓት ሙሉ የሚወራ ምን እንደነበረ አላውቅም። ምን እንዳለች፣ የት ጋ ለስለስ እንዳለ፣ የት ጋ እንደሳቁ አልጠየቅኳትም፤ ብጠይቃትም ያኔ እንዳለችው አድርጋ አትነግረኝም። አሉሚኒየሙን ትቼለታለሁ፤ አሥራ አንዱንም ላሞች ትቼለታለሁ። ሚስቴ ስለ እኔ ስታወራ ያን ሁሉ መንገድ የሰማት እሱ ነው፤ በዚያ ዛሬም እቀናለሁ።